የበዓል አነባበሮና የግቢው ውሻ

ሐይቅ ከተማም ይሁን አምባሰል ገጠር፣ በበዓል ጠዋት ምጣዱ ሲግል ቤተሰቡም ውሻውም ይሰበሰባል። የአነባበሮው ሊጥ ፈስሶ ዓይን ሲያወጣ ሌላ ይደረብበታል፤ ከዚያ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ይቀባል። ለእኛ ግሩም ነው፤ ለውሻው ግን ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ቅቤው ሲነጠር፣ በርበሬው ሲደለዝ ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ይገባባቸዋል። ሁለቱም ቢበስሉም ቢደርቁም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ድመት ላይማ ይብሳል። ቅቤው ቢጠለልም ዋስትና የለውም። ድካም፣ የድድ መገርጣት ወይም የጠቆረ ሽንት የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ያኔ አነባበሮውን ማን ያስታውሰዋል? ከሊጡ ማለቂያ ትንሽ ቂጣ ጋግሩለት፤ ቅቤም በርበሬም ሳይነካት፣ አቀዝቅዛችሁ ስጡት።