በኪሮሽ የምትሠራ የሱፍ በግ
(ለተማሪዎች የተነገረ)

ልጆቼ ሆይ፤

ዛሬ የምነግራችሁ ለታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ መጫወቻ የምትሆን ትንሽ በግ በኪሮሽ ስለ መሥራት ነው። መጫወቻ ናትና ሥራዋ ቀላል አይምሰላችሁ። የምትሰጠው ገና ጥርሱን ለሚያበቅል ሕፃን ነው፤ ሕፃንም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና ሠሪው ይህን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህ የእጅ ሥራ በጃፓን አገር አሚጉሩሚ ይባላል። ሥርዓቱ ግን ለእናቶቻችሁ እንግዳ አይደለም። እናት ሙዳይ ስትሰፋ ከመካከል ጀምራ በስንደዶና በአክርማ ዙር በዙር ታሰፋዋለች፤ ሲበቃ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፤ በመጨረሻም ታጠብበዋለች። የበጊቱም ሰውነት እንዲሁ ነው። ወንዶች ልጆችም የሴት ሥራ ነው ብላችሁ አትሳቁ፤ በአገራችን ሸማ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸውና።

ክሩ በመንዝ ባና እንደሚሠራበት ያለ የበግ ሱፍ ቢሆን መልካም ነው፤ ሱፉ ቢሻክር ግን የጥጥ ፈትል ለሕፃን ገላ ይለሰልሳል። ኪሮሽ ያጣ ሰው ከወይራ እንጨት ጫፉን ቈልመም አድርጎ ይቅረጽ።

አሠራሩ ይህ ነው። ኪሮሹን ከታች ባለው ቀለበት አግብታችሁ ክሩን ሳቡ፤ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ሲሆን ክሩን እንደገና ስባችሁ በሁለቱም ውስጥ አውጡት። ይህን አንድ ቋጠሮ እንለዋለን። በመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ ሥሩ፤ በሁለተኛው በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ስትሠሩ 12 ይሆናል። ከዚያም በየዙሩ 6 እየጨመራችሁ 18፥ 24፥ 30 አድርሱ። ጭማሪው በዙሩ ሁሉ እኩል ይከፈል፤ በአንድ ወገን ቢከማች በጊቱ ጎባጣ ትሆናለች። ከ30 በኋላ ሳትጨምሩ 10 ዙር ሂዱ። ቀጥሎም ሁለት ሁለቱን ቋጠሮ አንድ እያደረጋችሁ በየዙሩ 6 ቀንሱ። 18 ሲቀር ሆዷን በታጠበና በደረቀ ሱፍ ሙሉ፤ ከዚያም 12፥ ኋላም 6 አድርጋችሁ ዝጉ። ራሷ በ24 ይበቃል፤ አራቱ እግሮቿ በ9 ጠባብ ሆነው ይሠራሉ። ላቷንም ሰፋ አድርጋችሁ ስፉላት።

የዙሩ መነሻ እንዳይጠፋችሁ ሌላ ቀለም ያለው ክር ምልክት አድርጉበት፤ ዙር በፈጸማችሁ ቍጥርም ቍጠሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ቋጠሮ የዘነጋ ሰው አሥር ዙር ይፈታል። ቋጠሮውም ይጥበቅ፤ ከላላ መሙያው በቀዳዳው ይወጣል።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። እኔ በጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን ይህን ሥራ የተማርሁት ከባለቤቴ ነው። ለበኵር ልጃችን በግ ሠርቼ፥ ያምር መስሎኝ ከአሮጌ ኮቴ ሁለት ጥቋቍር ቍልፎች ፈትቼ ዐይን አደረግሁላት። ጥቂት ቀን እንደ ቈየ ልጁ አንዱን ቍልፍ በድዱ እያኘከ አላቀቀውና በጕሮሮው ተወተፈ። ማልቀስ ተሳነው፤ ከንፈሩም ጠቈረ። እናቱ ፈጥና በክንዷ ላይ በደረቱ አስተኛችው፤ ራሱን ዝቅ አድርጋም በትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ መታችው። በአራተኛው ምት ቍልፉ ወደቀ፥ ልጁም አለቀሰ። እኔ ግን ብዕሬን እንደ ያዝሁ ቆሜ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፥ ዐይኗን በጥቍር ክር ጥለፉት እንጂ ቍልፍ፥ ዶቃ ወይም ባቄላ አታድርጉበት። ሆዷንም በእህል አትሙሉ፤ ስፌቱ ቢተረተር ፍሬው ወደ ሕፃኑ አፍ ይገባልና። ሥራው ሲፈጸም ጆሮዋን፥ እግሯንና ላቷን አንድ በአንድ በኀይል ጎትቱ። የላላ ቢገኝ ሳታፍሩ ፈትታችሁ እንደገና ስፉ። በእናንተ እጅ ያልተፈተነውን ሕፃኑ በአፉ ይፈትነዋል።