በሙቅ አየር የምትዞር ትንሽ ሞተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



 የምንናገረው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለምታዩዋት ትንሽ ሞተር ነው። ቤንዚን አትጠጣም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የላትም፤ እንፋሎትም አታወጣም። ከሥሯ አንዲት ኩራዝ፥ ከላይዋ እርጥብ ጨርቅ፥ በሆዷ ውስጥ ደግሞ ሁላችን የምንተነፍሰው አየር ብቻ አለ። ስሟም የሙቅ አየር ሞተር ይባላል። የተሠራችው በአትክልት ተራ፥ ከአንዳችን ቤት ጓሮ ባለች የማድ ቤት ጥግ ውስጥ ነው።

የዚህች ሞተር አባት ሮበርት ስተርሊንግ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሞተሩ ከአንድ የድንጋይ ካባ ውኃ ለመሳብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዘመን የእንፋሎት ጋኖች እየፈነዱ ብዙ ሠራተኛ ይገድሉ ስለ ነበር፥ ውኃ ሳይፈላ በአየር ብቻ የሚሠራ ሞተር ትልቅ ተስፋ ነበረው። ይሁን እንጂ የሞተሩ ሙቅ ወገን ዘወትር በእሳት ላይ ስለሚኖር የጊዜው ብረት አልቻለውም፤ እየተቃጠለ ያስቸግር ነበር። ከዚህም የተነሣ እንፋሎት ገበያውን ያዘ።

የአዲስ አበባም ሰው የእሳትን ጉልበት በመንገድ ላይ ሲሄድ ያየው በእንፋሎት ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም.፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውንና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመውን መኪና ታሪክ አባቶቻችን ነግረውናል። ያ ባቡር እንጨት እየበላ ውኃ ያፈላ ነበር። የእኛዪቱ ደግሞ ጥቂት ላምባ እየበላች አየር ታሞቃለች። መጠናቸው እንደ ዝሆንና እንደ አይጥ ቢራራቅም፥ ሁለቱም ሙቀትን ወደ ሥራ የሚለውጡ ናቸው።

አሁን አሠራሯን እንግለጽ። በክፍል እንደ ተማርነው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል። ግፊቱ ሳይለወጥ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር፥ በዜሮ ዲግሪ ከነበረው መጠን 273ኛውን እጅ ይጨምራል። እንግዲህ በ20 ዲግሪ ያለ አየር እስከ 150 ዲግሪ ቢሞቅ፥ መጠኑ አንድ ከግማሽ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሞተሪቱ የምትኖረው በዚህ መስፋትና መኰማተር ነው።

ለዋናው አካል የ400 ግራም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወሰድን። በውስጡ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ተቆርጦ የተዘጋጀ፥ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቀላል ከበሮ ይወጣል ይወርዳል። ይህን ከበሮ «አመላላሽ» ብለን ጠርተነዋል፤ ሥራው አየሩን ከሙቁ ወገን ወደ ቀዝቃዛው፥ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ማመላለስ ነውና። በአመላላሹና በጣሳው ግድግዳ መካከል በዙሪያው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ አየሩ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከክዳኑ ዳር አንዲት አጭር ቱቦ አውጥተን በጎን ከቆመች ትንሽ የድልህ ጣሳ ጋር በስታኞ አገናኘናት፤ የትንሿንም ጣሳ አፍ በፊኛ ላስቲክ ሸፍነን በክር ጠብቀን አሰርነው። አየሩ ሲሞቅ ፊኛውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ታች ይስባል። ዘንጓ ከብስክሌት ጎማ የወጣ ቀጭን ሽቦ ሲሆን በሁለት ቦታ እንደ ክርን ታጥፏል። መዘውሯ ሦስት ያረጁ ሲዲዎች ተጣብቀው ነው። መሠረቷም ገበያው ሳይነሣ በየቤቱ ከቀሩት የቲማቲም ሳጥኖች የተገኘ ሳንቃ ነው።

ዋናው ምሥጢር በሁለቱ ክርኖች መካከል ያለው ማዕዘን ነው። አመላላሹ ፊኛውን በሩብ ዙር፥ ማለት በ90 ዲግሪ፥ መቅደም አለበት። ሁለቱ እኩል ቢሄዱ አየሩ ራሱን በራሱ ይጋፋል፤ ሞተሪቱም ከቦታዋ አትነቃነቅም።

መሣሪያችንም ብዙ አይደለም፤ አንዲት ሞርሳ፥ ሁለት ሞረድ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴና የቆርቆሮ መቀስ ነው። ቆርቆሮ አቆራረጥን የተማርነው መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ከሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ነው። «ልጆች፥ መቀሱን አታጣድፉት፤ ቆርቆሮ ችኩል አይወድም» ብለው አሳዩን። ጋሼ ትምህርት ቤት ባይገቡም፥ ከአንድ በርሜል ስንት ምጣድና ስንት ማንደጃ እንደሚወጣ ሳይለኩ በዐይናቸው ያውቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነገር ከሥራው ሁሉ ይልቅ ያስተማረን ነው። በእጃችን የነበሩት ንድፎች ካገር ውጭ የተዘጋጁ ናቸው። ንድፎቹ ትክክል ቢሆኑም የተሣሉት በባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ በዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እኩል ሲሆን በአትክልት ተራ ጣሳ ውስጥ ያለው አየር በምጽዋ ጣሳ ውስጥ ካለው በሚዛን ሩብ ያህል ይጎድላል። የሞተሪቱም ጉልበት የአየሩን ግፊት ስለሚከተል በዚያው ልክ ይቀንሳል። የዘንጉ ፍትጊያ ግን ከተማይቱ ከፍታ ላይ ናት ብሎ አይቀንስም። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ ሊዞር የሚችል ሥራ በእኛ ከተማ ይቆማል። እዚህ የሚሠራ ሰው ንድፉን ከመገልበጥ አልፎ አገሩን ማሰብ፥ የእጁንም ሥራ ይበልጥ ማጥራት አለበት ማለት ነው።

ሞተሪቱ እንቢ ስትል ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። አንደኛ፥ አየር ታፈሳለች ወይ? ጎሚስታ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልግ ሁሉ እኛም ሳናነድዳት ነክረን ፊኛውን በጣታችን በቀስታ እንጫናለን፤ አረፋ ከወጣ የስታኞው ሥራ ይታደሳል። ሁለተኛ፥ ይፋተጋል ወይ? ፊኛውን ፈትተን መዘውሩን በጣት እናዞርና እስኪቆም ስንት ጊዜ እንደ ዞረ እንቈጥራለን። በዘንጉ ላይ ኩሽኔታ የገባ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ግራሶ ለመኪና መልካም ነው፤ ለእንዲህ ያለች ደካማ ሞተር ግን ፍሬን ይሆንባታል። ስለዚህ በላምባ ታጥቦ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ሦስተኛ፥ ቀዝቃዛው ወገን አሁንም ቀዝቃዛ ነው ወይ? ኩራዟ ከቆየች ሙቀቱ በጣሳው ግድግዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ እሳቱን ማብዛት አይጠቅምም፤ ጨርቁን እንደገና ማራስ ይገባል። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሥራ የሚገኘው ሙቀት ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በሚወርድበት ጊዜ ነው።

ለሚሠሩ ታናናሾቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በተዘጋ ጣሳ ውስጥ ውኃ ጨምሮ በእሳት ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ይፈነዳል። የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ስለሚስል ጠርዙ ይሞረድ። ኩራዝም የሚበራው ትልቅ ሰው ባለበት፥ አሸዋ በአጠገብ ሲኖር ነው።

ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ልፋት ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህች ሞተር እህል አትፈጭም፥ ውኃም አትስብም። ይሁን እንጂ ዘመዶቿ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ በሌለበት ስፍራ ራዲዮ እንድታሠራ ብሎ ብዙ ደክሞባታል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉት የስዊድን ጎትላንድ ሰርጓጅ መርከቦችም ከባሕር በታች ሳሉ በስተርሊንግ ሞተር ይገለገላሉ። ለእኛ ግን ጥቅሟ ሌላ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ግማሽ መልስ ግማሽ ነጥብ ያሰጣል። ይህች ሞተር ግን ሁሉም ነገር ካልተስተካከለ በቀር አንድ ዙር እንኳ አትዞርም፤ አትለመንም፥ አትታለልምም። የሙቀትን ምዕራፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያነበብን ነን፤ የገባን ግን ጣታችን መዘውሩን ለቅቆ መዘውሩ ብቻውን መዞር በቀጠለ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ልመናችን እንመጣለን። አትክልት ተራ ስሙን ያገኘበት ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከእኛም መካከል የአንዳንዶቹ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ሰፈር ገብቷል። ከቤቱ ጋር ጓሮው፥ ከጓሮውም ጋር ልጅ ሚስማር የሚያቃናበት ጥግ ቀርቷል። ጣሳ በየትም ሰፈር ይገኛል፤ የሚቸግረው ሞርሳ የሚታሰርበት ቦታ ነው።

ሌላም የቆየ ችግር አለ። ባገራችን ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን መስደብ የተለመደ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መናቅና መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ነገር ግን ዛሬም እጁ ጥላሸት የነካ ልጅ ወደ ቤት ሲገባ «ትምህርትህን ትተህ ምን ትነካካለህ?» የሚባልበት ጊዜ አለ። እኛ ግን ትምህርታችንን አልተውንም፤ ትምህርቱ ያለው በጥላሸቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ቢሆን እንኳ አንዲት ጠረጴዛ የምታህል ጥግ እንድትፈቅዱልን እንለምናለን። ዕቃችን ሁሉ በአንድ ካርቶን ይከተታል፤ ማታ አልጋ ሥር ይገባል። የተከበራችሁ አስተማሮቻችን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተከፍቶ አንዲት ሞርሳ እንድትታሰርበት፥ እንደ ምናለሽ ተራው ጋሼ ያሉ ባለ ሙያዎችም መጥተው እንዲያስተምሩን ትፈቅዱ ዘንድ እንጠይቃለን። እኛም በበኩላችን የሠራነውን ሁሉ ከነልኩ በደብተር ጽፈን ለሚቀጥሉት ተማሮች እናስረክባለን፤ ለዚህች ከተማ ስስ አየር ተብሎ የተሣለ ንድፍ በእጃቸው እንዲኖር ነው።