ስለ እስትንፋስና ስለ ነፍስ፤ የጥንት ግሪኮች አሳብና የእኛ ቃላት



ሰው በሞተ ጊዜ አካሉ ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ ሳለ የሚታጣው እስትንፋሱ ነው። የጥንት ግሪኮችም ይህን ተመልክተው ሕይወትንና ትንፋሽን አዛምደው ሰየሙ። ነፍስን «ፕሲኬ» ብለው ሲጠሯት እፍ ከማለት፥ መንፈስን «ፕኔውማ» ሲሉም ከመንፈስና ከመተንፈስ ግሥ ያወጡት ስም ነው። በሆሜሮስ ግጥም ጀግናው ሲወድቅ ፕሲኬ ከአፉ ወይም ከቁስሉ ወጥታ ወደ ሙታን አገር ትወርዳለች፤ በሕይወት ሳለ ግን የሚያስብባት እርስዋ አይደለችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሚሌጦሱ አናክሲሜኔስ አሳቡን አሰፋው፤ ነፍሳችን አየር ሆና እኛን እንደምትይዘን፥ ዓለሙንም እንዲሁ እስትንፋስና አየር ከብቦ ይዞታል አለ።

ይህ አሳብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ነፋስ፥ እስትንፋስ፥ ነፍስና መንፈስ ሁሉም «ነፈሰ» ከሚለው ከአንዱ የግዕዝ ግሥ የበቀሉ ናቸውና። በሞያሌ፥ በኬንያ ወገን ባለችው በኦዳ የሚማር የቦረና ልጅም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያገኘዋል። በቤቱ በኦሮምኛ «ሐፉራ» ሲል ትንፋሽም መንፈስም ማለቱ ነው። በትምህርት ቤት የሚማረው የስዋሂሊው «ሮሆ» ከዐረብኛው «ሩሕ» የመጣ ነው፤ የሩሕ ዘመድ የሆነው «ሪሕ» ደግሞ ነፋስ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ስፒሪት» እንኳ ከላቲን የመተንፈስ ግሥ የተወለደ ነው። ልጁ ግን እነዚህን ቃላት በየክፍለ ጊዜው ለየብቻቸው ያጠናቸዋል፤ እጅግ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

አንዳንድ መምህር ይህን ሥር መግለጥ ነፍስን ወደ አየር ማውረድ መስሎት ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የቃል ዝምድና የነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልምና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ኤራሲስትራቶስ፥ ደም ቅዳዎች የሚሸከሙት ደምን ሳይሆን ፕኔውማን ነው ብሎ አስተማረ። በሬሳ ውስጥ እነዚህ ቧንቧዎች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆነው ስለሚገኙ ትምህርቱ እውነት ይመስል ነበር። ከ400 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጋሌኖስ የሕያው እንስሳ ደም ቅዳ በሁለት ቦታ በክር አስሮ መካከሉን ቢሰነጥቀው ደም ሞልቶበት ተገኘ። ሆኖም ጋሌኖስ ራሱ የፕኔውማን ትምህርት ፈጽሞ አልተወም፤ ቃል ሰውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ከዚህ ይታያል።

ከግሪኮች መካከል ሶቅራጥስ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አፍላጦን «ፌዶን» በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ሶቅራጥስ ሊሞት በተቃረበበት ቀን ወዳጆቹን፥ ነፍስ በወጣች ጊዜ ነፋስ እንዳይበትናት፥ ይልቁንም ሟቹ ዐውሎ ባለበት ቀን የሞተ እንደ ሆነ፥ እንደ ሕፃናት ትፈራላችሁ ብሎ ቀለደባቸው። ለእርሱ ነፍስ የምታውቀው፥ የምትመረምረውና ከሁሉ በፊት ልትጠበቅ የሚገባት ናት። በሆሜሮስ ዘንድ ስትወጣ ብቻ የምትታሰበው ፕሲኬ እዚህ የዕውቀት ማደሪያ ሆነች።

አማርኛችንም ይህን ርቀት በገዛ አነጋገሩ ተጉዞታል። ሕፃን በተወለደ ቅጽበት ይተነፍሳል፤ ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር ግን፥ ከዓመታት በኋላ፥ «ነፍስ አወቀ» ይባላል። ወላጆች ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰዱት በእነዚህ በሁለቱ ዘመናት መካከል ነው።