ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ክለብ ፊርማ
የሴት ተጫዋቾች ምልመላ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች



ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ የሚገባው መንገድ ለነጋዴው የሽንኩርትና የቲማቲም መንገድ ነው። ለሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ ግን የተጫዋች መንገድ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣውም እንደዚሁ። በእነዚህ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ግቢ፣ ከፈረቃ መልስ፣ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ የምትጫወት አንዲት ልጅ አትታጣም። የዛሬው ንግግር ስለዚህች ልጅ ነው፤ ማን እንደሚያያት፣ ማን እንደሚወስዳት፣ ስትሄድስ ምን ይዛ ምን ጥላ እንደምትሄድ።

«ምልመላ» የሚለው ቃል ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ሲከረከም ተመለመለ ይባላል፤ ለጦር ሠራዊት የሚመረጠውም ወጣት ምልምል ይባላል። አንዱ ቃል መምረጥንም መቁረጥንም ይዟል። በእግር ኳሳችን ስለ መምረጡ ብዙ ሲነገር፣ ልጅቱ ከምን ላይ እንደምትቆረጥ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከወላጅ ቀጥሎ ይህን መጠየቅ የሚገባው ደግሞ የስፖርት መምህሩ ነው።

አሠራሩ እንደሚታወቀው ነው። የውድድር ዘመኑ ተዘግቶ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ ላይ ሲከፈት፣ የክለብ አሠልጣኞች ስልካቸውን ያነሣሉ። የተደራጀ የመልማይ ቡድን ያለው ክለብ ከስንት አንድ ነው። አብዛኛው ምልመላ የሚካሄደው በትውውቅ ነው፤ አብሮ ኮርስ የወሰደ አሠልጣኝ፣ ቀድሞ በዚያ ከተማ የተጫወተች እኅት፣ የታዳጊ ፕሮጀክት የሚመራ ወጣት፣ የትምህርት ቤት መምህር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በስልክ የተቀረጸ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ምስልም ተጨምሮበታል። ይህ ምስል አታላይ ነው። ግብ ስታገባ ያሳያል እንጂ ኳስ ከተነጠቀች በኋላ ምን እንደምታደርግ አያሳይም። ስለዚህ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ምስሉን አይቶ «ትምጣና ትሞከር» ይላል። ሙከራው ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሳምንትም። የመጓጓዣውን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ማን እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይነገርም፤ ወጪውም በመጨረሻ የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ፣ አለዚያም ከደመወዙ በሚቀንሰው መምህር ላይ ነው።

አዳማ በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አላት። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጉዞ ናት፤ የሐረርጌውና የአርሲው አቅጣጫ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ የአበበ ቢቂላ ስታዲየምና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ አሏት። በ2011 ዓ.ም. የአዳማ ከተማ የሴቶች ቡድን የአገሪቱን ሊግ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት በተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ይዞ የነበረው ደደቢት ነበር፤ ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. በተከታታይ ያሸነፈው ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። አንድ የከተማ አስተዳደር ክለብ በእነዚህ መካከል ገብቶ ዋንጫ ማንሣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ የውድድር ዘመን የአዳማን ማልያ ከለበሱት አንዷ ሎዛ አበራ ነበረች። የእርስዋ ጉዞ የምልመላችን ካርታ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ዱራሜ ተወለደች፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ከተማ፣ ከሐዋሳ ወደ ደደቢት፣ ከደደቢት ወደ ስዊድኑ ኩንግስባካ ሄደች። ተመልሳ ለአዳማ ተጫወተች። ከአዳማ ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ተሻግራ በ2019 – 20 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ከቡድኑ ጋር ሻምፒዮን ስትሆን በግብ አግቢነትም ቀዳሚ ሆነች። ቀጥሎ በንግድ ባንክ ለበርካታ ዓመታት ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ስዊድንንና ማልታን ነው። ለመምህሩ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ከዱራሜ ሐዋሳ። ከትንሽ ከተማ ሜዳ ወደ ክለብ የምትሻገረው ልጅ ከዚያ በኋላ የሚያያት አታጣም። የብዙዎች መንገድ የሚቀረው ግን እዚያው የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ነው።

ደደቢት ዛሬ ከሴቶች ሊግ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ማንሣት ያስፈለገው ክለቡን ለመውቀስ አይደለም። የአገራችን የሴቶች ቡድኖች የሚቆሙት በሜዳ መግቢያ ገቢ ሳይሆን በከተማ አስተዳደር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በድርጅት በጀት ነውና፣ ዛሬ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነገ ሊታጠፍ ይችላል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስትፈርም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ ባይኖር የት ትገኛለች የሚለው ጥያቄ ሟርት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

እዚህ ላይ የትምህርቱ ነገር ይመጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በባቱ የምትማር የአሥረኛ ክፍል ልጅ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ካለ ክለብ ጥሪ መጣላት እንበል። ክለቡ «ትምህርቷን እናስቀጥላለን» ይላል፤ ቃሉም ከክፋት የመነጨ አይደለም። ነገር ግን ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው ቡድኖች በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሆኗል። ይህ ማለት ተማሪዋ ለሳምንታት ከተመዘገበችበት ትምህርት ቤት ርቃ በካምፕ ትቀመጣለች ማለት ነው። የጠዋት ልምምድ ከጠዋት ፈረቃ ጋር ይጋጫል፤ የከሰዓቱም ከከሰዓቱ ጋር። በማታ ትምህርት ትመዘገባለች፤ ደክሟት ትቀራለች። አንድም ሰው ሳያስወጣት ከትምህርት ትወጣለች።

ይህም በሌላ ዘመን ቢሆን የሚካስ ነበር ይባል ይሆናል። አሁን ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደ ቀድሞው አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ፈተናውን ሲወስዱ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ሙሉ ጊዜዋን ለደብተር የሰጠች ልጅ እንኳ በጭንቅ በምታልፍበት በር፣ ግማሽ ዓመቷን በካምፕ ያሳለፈች ልጅ ታልፋለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ውጤቱ ከማለፊያው በታች ለሆነውና ለተመረጡት የተከፈተው የሬሜዲያል ትምህርት አንድ ቀዳዳ ነው፤ እርሱም የራሱ መቁረጫ ነጥብ አለው።

ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ዘጠነኛ ርዕስ፣ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ሴቶችን ማግለልን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሴቶች እግር ኳስ በኮሌጆች ተስፋፋ፤ የኮሌጆቹ ማኅበር የመጀመሪያውን የሴቶች ሻምፒዮና በ1982፣ የትናንሾቹን ኮሌጆች በ1986 እ.ኤ.አ. አካሄደ። ትናንሾቹ ኮሌጆች ያሉበት ሦስተኛው ምድብ የስፖርት ነጻ ትምህርት ዕድል አይሰጥም። ገንዘቡ የሚመጣው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ችግር መጠን ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ልጅቱን ቢወዳት እንኳ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ እግሯ ቢያስጠራትም የሚያስገባት ደብተሯ ነው። በዚያ ምልመላውን በቅርብ የሚከታተሉ ወላጆች ሌላም ብልሃት አላቸው። የቡድኑን የስም ዝርዝር አውጥተው በዚያ ዓመት ስንት ግብ ጠባቂ፣ ስንት የመሐል ተከላካይ ተመርቃ እንደምትወጣ ይቆጥራሉ። አሠልጣኙ «እንፈልግሻለን» ማለቱን ሳይሆን ቦታ መኖሩን ያያሉ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ከባቱም ከሻሸመኔም ሆኖ ማድረግ ይቻላል፤ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የአንድ ክለብ ተሰላፊዎች እነማን እንደሆኑ፣ ባለፈው ዓመት ከ18 ዓመት በታች የሆነች ተጫዋች ስንት ጨዋታ እንደተሰለፈች፣ አምና የፈረመችው ልጅ ዛሬ የት እንዳለች መጠየቅ ይበቃል። የአምናዋ ልጅ ስልክ ቢገኝ ደግሞ ከማንኛውም የክለብ ኃላፊ ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው። ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል እንደሆነ፣ ስትጎዳ ማን እንዳሳከማት፣ መልቀቂያ ስትጠይቅ ስንት ወር እንደተመላለሰች ትናገራለች።

አገራችን የአሜሪካን ዓይነት የኮሌጅ ሊግ የላትም። ዩኒቨርሲቲዎች በየጊዜው የሚገናኙበት የስፖርት ውድድር አለ፤ የመምህራን ኮሌጆችም፣ ለምሳሌ የአሰላው፣ ነገ ሜዳውን የሚመሩትን መምህራን አፍርተዋል። ነገር ግን ኳስ ስለቻለች ብቻ የኮሌጅ በር የሚከፈትላት ልጅ የለችም። በክለብና በትምህርት መካከል ያለው ድልድይ በአብዛኛው እንደ አዲስ አበባው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ ያለ ተቋም ነው፤ ሠልጣኞቹን እያኖረ፣ እያስተማረና እያሠለጠነ ያቆያልና። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጥሪው ሲወጣ ግን ወሬው ለትንንሽ ከተሞች ዘግይቶ ይደርሳል። የምዝገባውን ወር አውቆ መጠበቅ የመምህሩ ድርሻ ነው።

ስለ ፊርማው ጥቂት መባል አለበት። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ የቀን ሥራውን ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ያግዳል። ደመወዝ ያለበት ፊርማ ሁሉ በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ያለ ወላጅ ፊት እንድትፈርም መምህር ምስክር ሊሆን አይገባም፤ የተፈረመውም ወረቀት አንድ ቅጂ ከቤተሰቡ እጅ መቅረት አለበት። ቅጂ የከለከለ ክለብ መልስ ሰጥቷል።

በዕድሜዋ ገፋ ላለችውም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር የሆነች ተጫዋች ቢያንስ የ14 ሳምንት ፈቃድ፣ ከዚህም ቢያንስ 8ቱ ከወሊድ በኋላ፣ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ባላነሰ ክፍያ እንድታገኝ ደንግጓል። የአገራችን አዋጅ ደግሞ ከዚህ ይልቃል፤ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ይህን የሚያውቅ የተጫዋች ወላጅ ብርቅ ነው።

በመጨረሻ ስለ መምህሩ ራሱ። በወንዶች እግር ኳስ አንድ ወጣት ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲዛወር በልጅነቱ ላሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ ይከፈላል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የዝውውር ደንብ ግን ይህ ካሣ በሴቶች እግር ኳስ ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን አድርጓል። ምክንያቱ በጎ ነበር፤ ገና በእግሩ ያልቆመውን የሴቶች ዝውውር ዋጋ እንዳያንቀው ታስቦ ነው። ነገር ግን የሚያስከትለው ግልጽ ነው፤ ልጅቱን ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ያሠለጠነ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ፕሮጀክት፣ እርስዋ አውሮፓ ብትደርስ እንኳ ከዚህ ካሣ የሚያገኘው የለም። ኳስና መረብ ለመግዛት ወደ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጻፉን ይቀጥላል። በአገር ውስጥ ዝውውርም ቢሆን ክለቦች ለፕሮጀክቱ ጥቂት ኳስና ማልያ ቢሰጡ በፈቃዳቸው ነው።

ይህ በደንብ እስኪተካ ድረስ አንድ ነገር በመምህሩ እጅ አለ። ክለቡ ልጅቱን ለመውሰድ ሲመጣ ከመምህሩ የሚፈልገው ቃል አለው፤ ዕድሜዋ፣ ጠባይዋ፣ የወላጆቿ ፈቃድ። ያን ቃል ከመስጠቱ በፊት የትኛው ትምህርት ቤት እንደምትመዘገብ በስሙ፣ የትኛው ፈረቃ እንደምትማር፣ በካምፕ ከርማ ስትመለስ ያመለጣትን ፈተና ማን እንደሚያስፈትናት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ጊዜውም ሰኔ ነው፤ ሐምሌ ላይ ስልኩ ሲጮኽ ልጅቱ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች፣ እናቷም ለጎረቤት ነግረው ጨርሰዋል።