ለአሮጌው መዝገብ የሚስማማው ዊንዶውስ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የባለሙያዎች ተራ ክርክር ይመስላል። ይኸውም በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ የትኛው የዊንዶውስ እትም ይጫን የሚለው ነው።

ነገሩ የገጠመኝ እዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት ነው። የሠራተኞቹ የአገልግሎት ዘመን የተመዘገበው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በተሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ የተረፈው የዲስኩ ቅጂ ብቻ ነበር። ጡረታቸው የተቃረበ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ልጄ፣ የእኔ 28 ዓመት እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ይወጣል አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ስሕተት ነበር። አዲስ ይሻላል ብዬ ባለ64 ቢቱን ዊንዶውስ 10 ጫንሁ። ፕሮግራሙ ግን ባለ16 ቢት በመሆኑ አልተነሣም፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሣምና። ወደ ዊንዶውስ 98 ተመለስሁ። እርሱ ደግሞ ከ512 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ሲሰጠው ይታወካል፤ ቀንሼ ብሰጠውም የሚስማማ ድራይቨር ፍለጋ አደከመኝ። በመጨረሻ ያሳረፈኝ ባለ32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የቀድሞውን ፕሮግራም ይቀበላል፣ ከአሁኑም ቨርቹዋል ማሽን ጋር ይግባባል። ስለሆነም እትም የሚመረጠው በፕሮግራሙ ዕድሜ እንጂ በእኛ ፍላጎት አይደለም እላለሁ።

ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አቋርጧል። ስለዚህ ማሽኑን ከኔትወርክ ለይቼ፣ የዲስኩንም ቅጂ በሌላ ቅጂ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። በነፋስ ስልክ ስም በሚጠራ ሰፈር ግንኙነት መቁረጥ ግር ሳይል አይቀርም።

መዝገቡ ተከፈተ፤ ፊደሉም ታየ። ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ስገለብጠው ግን የሰው ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄ ሆነ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የፎንት ሠሪዎች ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ እየተኩ ያስቀምጡት ነበር፤ የአንድ ፎንት 256 ቦታ ስለማይበቃም አንዳንዶቹ በሁለት ፎንት ከፍለውታል። አደራደሩም እንደየሠሪው ይለያያል። እኔም መለወጫ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ እያንዳንዱን ስም ኤክስፒው ላይ ከሚታየው ጋር ከሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጋር ሆነን አመሳከርን። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ብዙ ጊዜ ወሰዱብን፤ በማስረጃ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ባለስሙ እንደ ሌላ ሰው ሊቆጠር ይችላልና።

የጥበቃ ሠራተኛው ማስረጃ በሦስተኛው ሳምንት ታትሞ ተሰጣቸው። ያልተለወጡ ጥቂት ፋይሎች ስላሉ ኤክስፒውን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።