አሠሪ የሌለው መድረክ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ማንም ሳያዘኝ በራሴ ተነሣሽነት ስለ ነደፍሁት ሥራ ነው። ይኸውም በመስቀል አደባባይ ለሚደረግ የሙዚቃ ትርኢት የታሰበ መድረክ ነው። አሠሪ አልነበረውም፤ በጀት አልነበረውም፤ የመክፈቻ ቀንም አልተቆረጠለትም። መድረኩ እስከ ዛሬም አልተሠራም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን በኮምፒዩተር የተሣለ ሥዕል ከፎቶግራፍ የማይለይ በመሆኑ፣ ያልተሠራውን እንደ ተሠራ አስመስሎ ማቅረብ እየተለመደ መጥቷል። እኔ ይህ ልማድ ከሙያችን እንዲርቅ ከሚመኙት አንዱ ነኝ።

የተነሣሁበት ጥያቄ አጭር ነበር። መሰንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው፤ ቦታውም ጠጅ ቤትና የሠርግ ድንኳን ነው። አዝማሪው የአድማጩን ፊት እያየ ይገጥማል፤ አድማጩም በበኩሉ ግጥም ይሰጠዋል። ይህ መቀባበል በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላልን? መስቀል አደባባይ ለታላላቅ ትርኢቶች እንግዳ አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት በዓል በሙዚቃ የተከበረው እዚያው ነው። ለአንድ አዝማሪና ለአንዲት ጨፋሪ ግን ስፋቱ ያስፈራል።

ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት የመጀመሪያውን ሞዴል ሠራሁ። ከአዝማሪው ጀርባ 12 ሜትር ከፍታና 10 ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ሸራ ቆመ፤ የጣቶቹም ምስል በብርሃን ይጣልበታል። ጨፋሪዋን ከኋላው 3 ሜትር ከፍ ባለ ሰገነት ላይ አወጣኋት። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሠሪ ባለበት ሥራ ቢያንስ አንድ ሰው «አይሆንም» ይላል፤ ብናማርረውም ንድፋችንን የሚያቃናው እርሱ ነው። በዚህ ሥራ ግን ጠያቂውም መላሹም እኔው ስለ ነበርሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ተቃዋሚ ሠራሁ። እንግዲህ «አይሆንም» የሚሉኝን ሰዎች ራሴ መፈለግ ግዴታዬ ሆነ።

መጀመሪያ የጋበዝሁት አንድ አረጋዊ የመሰንቆ ተጫዋች ነበር። ሞዴሉን ዞረው ዞረው አዩና፣

«ልጄ፣ ልጅቱ የት ላይ ናት የምትጨፍረው?» አሉኝ።

«ከኋላዎ፣ ከፍ ብላ ነው አባባ።»

«ታዲያ ትከሻዋን ሳላይ በምን ልምታ?»

የሁለት ወር ድካሜ በዚህች አንዲት ጥያቄ ፈረሰ። እስክስታ የሚያውቅ ሁሉ ተጫዋቹና ጨፋሪዋ በዐይን እንደሚነጋገሩ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን የነደፍሁት ከሩቅ ለሚያየው ሰው ብቻ ነበር። ሰገነቱን በዚያው ቀን አነሣሁት።

ሁለተኛው የድምፅ ባለሙያ ነበር። «ማጉያዎቹን የት ነው የምሰቅለው?» አለኝ፤ በሥዕሌ ላይ አንድም ቦታ አልነበራቸውም። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የመሰንቆውን ድምፅ የሚሰማው የሴኮንድ ሦስት አሥረኛ ያህል ዘግይቶ ነው። (የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ፍጥነት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት ነው።) ከመካከል ተጨማሪ ማጉያ ከተተከለም፣ ከመድረኩ የሚመጣው ድምፅ እስኪደርስ ድረስ እንዲዘገይ መደረግ አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ማጉያው የሚቆምበት ማማ ደግሞ ክብደት አለው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ስላለ፣ የማማውን እግር ከማሳረፍ በፊት ወለሉ ምን ያህል እንደሚሸከም ማስላት ያስፈልጋል። እኔ እንደ ተራ መሬት ቆጥሬው ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሸራው ነው። 120 ካሬ ሜትር ሸራ ማለት የመርከብ ሸራ ማለት ነው። በሴኮንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢመታው፣ የከተማችን አየር በከፍታው ምክንያት ሳሳ ማለቱ ቢታሰብለት እንኳ፣ ከሁለት ቶን በላይ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በአሜሪካ አገር በኢንዲያና ግዛት ዓመታዊ ትርኢት ላይ፣ የሙዚቃው ሰዓት ሲጠበቅ ድንገት የመጣ ነፋስ የመድረኩን ጊዜያዊ ጣራ በሕዝቡ ላይ ጥሎ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። በሞዴሌ ውስጥ ነፋስ አልነበረም፤ በኮምፒዩተር ሥዕልም ውስጥ ነፋስ የለም።

ሸራውን ፈጽሞ ልተወው ስል ያዳነኝ አንድ የቆየ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ቶኪንግ ሄድስ የተባለው ጓድ በሆሊውድ ፓንቴጅስ ቴአትር ያቀረበውን ትርኢት ጆናታን ዴሚ ቀርጾታል። ዴቪድ በርን ጊታሩንና አንድ ቴፕ ይዞ ባዶ መድረክ ላይ ብቻውን ይወጣል። ከዚያ በየዘፈኑ አንድ አንድ ሰው ይጨመራል፤ ሠራተኞችም ከበሮውን በተመልካቹ ፊት እየገፉ ያስገቡታል። መድረኩ የሚሠራው ትርኢቱ እየተካሄደ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ንድፌን እንደ አንድ የቆመ ሥዕል ማሰቤን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ስለዚህ ሥዕሉን ወደ ጎን አድርጌ፣ ማን መቼ ምን እንደሚያነሣ የሚዘረዝር የሥራ ሰሌዳ ጻፍሁ። አዝማሪው ብቻቸውን ወጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ዘፈን ጨፋሪዋ ከፊት ለፊታቸው ትመጣለች። ሸራው የሚሰቀለው በሦስተኛው ዘፈን ነው፤ ያውም ነፋሱ ከፈቀደ። የነፋሱ ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ካለፈ ሸራው ወዲያው ይወርዳል፤ ይህን የሚወስነውም ነፋስ መለኪያውን የያዘው ሠራተኛ እንጂ አዘጋጁ ወይም እኔ አይደለሁም። ሙዚቃው አይቋረጥም።

ሰሌዳውን ለአረጋዊው አነበብሁላቸው።

«ሸራው ባይሰቀልም እኔ እጫወታለሁ ማለት ነው?»

«አዎን፣ አባባ።»

«እንግዲያው ወደ ሰዉ አስጠጋኝ» አሉና በሞዴሉ ላይ ያለችውን በርጩማ በአውራ ጣታቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፏት። ምጣኔው አንድ ለሃምሳ ስለ ነበር አንድ ሜትር መሆኑ ነው። ንድፉን በዚያው መሠረት አርሜዋለሁ።