ፋይል ለመክፈት ገንዘብ አትክፈሉ
(በእሑድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት ያለችንን አንዷን የዕረፍት ቀን ለዚህ ስብሰባ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ማዳሟ ከቤት እንድትወጣ ያልፈቀደችላት እህታችንም እንድታነበው ንግግሩን እንዲህ ጽፈን አውጥተነዋል።

ዛሬ የምናወራው በዋትሳፕ ስለሚላኩልን ፋይሎች ነው። «እኔ ኮምፒውተር አልችልም» ብላችሁ እንዳትነሱ። ስልክ ይዛችሁ ዋትሳፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ይበቃል።

ነገሩ ለምን ያስፈልገናል? ደሞዟ የተያዘባት እህት ሒሳቧን ስትጠይቅ ከመክተቡ ወይም ከአሠሪዋ የኤክሴል ፋይል ይላክላታል። ወደ አገር ቤት የላከችውን ብር ዝርዝር ስትጠይቅ ሐዋላ ቤቱ ፋይል ይሰጣታል። ውሏ በወርድ ይመጣል። የዕቁባችን ጸሐፊም መዝገቡን በፋይል ትልክልናለች። ስልኩ «መክፈት አይቻልም» ይላል ወይም «በወር ይህን ያህል ክፈይ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ያኔ አንዳንዶቻችን እንተወዋለን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ፋይሉን የላከውን ሰው «አንተው አንብብልኝ» እንላለን። ደሞዝሽን የያዘው ሰው ራሱ ሒሳብሽን ካነበበልሽ ምኑን አወቅሽው?

መጀመሪያ የፋይሉን ስም መጨረሻ እዩ። ከነጥቡ በኋላ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ዓይነቱን ይነግሯችኋል። ኤክስ ኤል ኤስ ኤክስ ካለ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ዲ ኦ ሲ ኤክስ ካለ የወርድ ጽሑፍ ነው። ሲ ኤስ ቪ ካለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ ሰንጠረዥ ነው። ፒ ዲ ኤፍ ካለ ደግሞ እንደ ፎቶኮፒ ያለ ነው፣ ስልካችሁ ያለ ችግር ይከፍተዋል። ኤ ፒ ኬ የሚል ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! እሱ ሰነድ አይደለም፣ ስልካችሁ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። «ውልሽ ነው» ተብሎ ቢላክላችሁም አትንኩት።

አሁን ወደ መክፈቱ እንሂድ። አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ ከፕሌይ ስቶር ጎግል ሺትስን ለሰንጠረዥ፣ ጎግል ዶክስን ለጽሑፍ አውርዱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ የሚያስፈልጋችሁ ጂሜል ብቻ ነው። ዋይፋይ ስታገኙ አውርዷቸው፣ ካርዳችሁን አይብላባችሁ። ከዚያ ዋትሳፕ ላይ ፋይሉን ስትነኩ በምን እንደሚከፈት ሲጠይቃችሁ ሺትስን ወይም ዶክስን ምረጡ። አይፎን ያላችሁ ለማንበብ ብቻ ከሆነ ምንም ማውረድ አያስፈልጋችሁም፣ ስልኩ ራሱ ያሳያችኋል።

ኮምፒውተር የምታገኙ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ጫኑ። ከ2010 ጀምሮ ያለ ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የኤክሴሉንም የወርዱንም ይከፍታል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። መጫን ካልቻላችሁ ማይክሮሶፍት ራሱ ኤክሴልንና ወርድን በኢንተርኔት ገጹ ላይ በነፃ ያስጠቅማል፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በተለይ የአሠሪ ከሆነ፣ ከገባችሁ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ መውጣት አትርሱ።

ፋይሉ ተከፈተ ማለት ግን ተነበበ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሰንጠረዥ ከአንድ በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ከታች በኩል ትንንሽ የገጽ ስሞች ተደርድረው ታያላችሁ፣ ሁሉንም ንኩ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ገጽ 12 ወር በ250 ዶላር፣ 3000 ዶላር ተብሎ ተጽፏል እንበል። የተከፈለሽ ግን 2550 ነው። የጎደለው 450 የት ሄደ? ሁለተኛው ገጽ ላይ «ለትኬት፣ ለሐኪም፣ ለስልክ» ተብሎ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያንን ገጽ ካላየሽ ምን ብለሽ እንደምትከራከሪ አታውቂም።

ሁለተኛ፣ ድምሩን አትመኑ፣ ራሳችሁ ደምሩት። ሺትስ ላይ ቁጥሮቹን በጣታችሁ ከላይ እስከ ታች ስትመርጡ ድምራቸው ከታች ይወጣል። ሌላም ዘዴ አለ። የድምሩን ሳጥን ንኩና በጽሑፍ መስመሩ ላይ ምን እንደሚል እዩ። በእኩል ይሆናል ምልክት የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ ያሰላው ነው፤ ምን ከምን ጋር እንደደመረ ግን ተመልከቱ። ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ሰው በእጁ የጻፈው ወይም የለጠፈው ነው። የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ መቁጠር አለበት ማለቴ ነው። የዕቁባችንንም መዝገብ እንዲሁ እዩት። ጸሐፊዋ ቅር አይላትም፣ ሒሳብ ሲተሳሰቡት ነው ፍቅር የሚቆየው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሮች ይበላሻሉ። ሳጥኑ ውስጥ #### ካያችሁ አትደንግጡ፣ ዓምዱ ጠቦ ነው፤ ስታሰፉት ቁጥሩ ይወጣል። ረጅም የባንክ ሒሳብ ቁጥር አጥሮ መሀሉ ላይ ኢ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደልና የመደመር ምልክት ከገቡበት ቁጥሩ ተሸፍኖ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ሳጥኑን ስትነኩት ታዩታላችሁ። ሲ ኤስ ቪ ፋይል ላይ ግን እውነተኛ ጥፋት አለ። በዜሮ የሚጀምር ስልክ፣ ለምሳሌ በ09 የሚጀምረው የአገር ቤት ቁጥር፣ ዜሮውን ይጥላል። ከ15 አኃዝ የረዘመ ቁጥር ደግሞ መጨረሻው ወደ ዜሮ ይቀየራል። ስለዚህ ብር ስትልኩ የሒሳብ ቁጥር ከሰንጠረዥ ገልብጣችሁ አትላኩ፤ ከደብተሩ ወይም ከደረሰኙ አመሳክሩ።

አራተኛ፣ ቀን። 03/04 ሚያዝያ ወይስ መጋቢት? አንዱ ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ወሩን። ውላችሁ የሚያልቅበት ቀን እንዲህ ተጽፎ ካያችሁ ወሩ በቃል እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የአገራችን አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይም አትርሱ።

አምስተኛ፣ አማርኛው። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ነፃ ፊደሎች መጫን ይቻላል። ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ በሌላ ኮድ ተነቦ ነው። ሊብሬኦፊስ ሲ ኤስ ቪ ሲከፍት ኮዱን ይጠይቃችኋል፣ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። እዚያው መስኮት ላይ የስልክና የሒሳብ ቁጥር ያለበትን ዓምድ «ጽሑፍ» ብላችሁ ከመረጣችሁ ዜሮዎቹም አይጠፉም።

ስለ ጥንቃቄም ላንሳ። «ፋይል በነፃ እንቀይራለን» የሚሉ ገጾች ሞልተዋል። እዚያ ላይ ፋይል ስትጭኑ የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ውስጥ እየገባ ነው። ፓስፖርታችሁን፣ ኢቃማችሁን፣ ውላችሁን እዚያ አታስገቡ። አንዳንድ «ፋይል ከፋች» የሚባሉ አፖችም ጥቂት ቀን በነፃ ያስጠቅሙና ከዚያ ካርድ ላይ ይቆርጣሉ። የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ አፕ ካያችሁ ውጡበት፣ ለዚህ ሥራ ካርድ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ነገር ማስቀመጥ ነው። የተላከላችሁን ፋይል አውርዱት፤ ዋትሳፕ ላይ ሳይወርድ ከቆየ በኋላ እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ጂሜል ላኩት። ስልክ ሊጠፋ፣ ሊሰበር፣ ሊነጠቅም ይችላል፤ ጂሜሉ ውስጥ ያለው ግን የይለፍ ቃሉን እስካወቃችሁ ድረስ ከሌላ ስልክም ይገኛል። ዋናውን ፋይል አንዲትም ፊደል አትንኩበት። ማስታወሻ መጻፍ ከፈለጋችሁ ቅጂ አውጡና ቅጂው ላይ ጻፉ። ነገ ጉዳያችሁ ኤምባሲ ወይም ጠበቃ ፊት ቢቀርብ የሚፈለገው እንደተላከ ያለው ነው። ከአሠሪያችሁ ጋር ስለ ደሞዝ የተጻጻፋችሁትንም ከዋትሳፕ ማውጣት ይቻላል፤ «ቻት ኤክስፖርት» የሚለውን ስትነኩ ማንኛውም ስልክ የሚያነበው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሰጣችኋል።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ዛሬ ማታ ሥራ ሲያልቅ ዋትሳፓችሁ ውስጥ ሳይከፈት የቀረ አንድ ፋይል ፈልጉና ክፈቱት። ገጾቹን ሁሉ እዩ፣ ድምሩን ደምሩ። ያልገባችሁ ካለ የሚመጣው እሑድ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ያወቀች ላላወቀችው ታሳይ። ወጥታ መምጣት ለማትችለው እህት ደግሞ በድምፅ መልእክት አስረዷት።